ጥንታዊ የእንጨት ፍሉቴን ሸጬ ሌላ ስለ መግዛቴ፦ ጥያቄና መልስ

የለንደን ሥሪት የሆነውን ባለ ስምንት ቁልፍ (ቁልፍ የምለው ቀዳዳ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ብረት ነው) የእንጨት ፍሉቴን ሸጬ በገንዘቡ ሌላ የእንጨት ፍሉት መግዛቴን ከነገርኳችሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል፤ እዚሁ አዳማ ሆኜ የማውቀውን ያህል በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እንዲህ የሚወዱትን ዕቃ ለመሸጥ እንዴት ጨከኑ?

መልስ፦ ያስጨከነኝ ቅኝቱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በእንግሊዝ ከተሠሩት ፍሉቶች ብዙዎቹ መቃኛ የሆነው ላ የተባለው ኖታ 452 ኸርዝ (በሴኮንድ 452 ንዝረት) ላይ የተቃኙ ሲሆኑ፣ ዛሬ ኪቦርዱም ሳክስፎኑም የሚቃኘው 440 ላይ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ሩብ ድምፅ ይጠጋል። የሚነፋበትን የላይኛውን ክፍል፣ ማለትም የፍሉቱን ራስ፣ ሳብ አድርጎ ቅኝቱን ማውረድ ይቻላል ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቱቦው በረዘመ ቁጥር ወደ አፍ የቀረቡት ቀዳዳዎች ከታችኞቹ ይልቅ አብዝተው ስለሚወርዱ፣ አንዱን ኖታ ሳስተካክል ሌላው ይበላሽብኝ ነበር። ብቻዬን ትዝታ ስጫወትበት አንጀቴን የሚያርሰው መሣሪያ ከባልደረቦቼ ጋር ስቀመጥ የሚያሳፍረኝ ሆነ፤ ሣጥን ውስጥ ከሚከርም በዚያው ቅኝት ለሚጫወት ሰው ቢደርስ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ባስረከብኩበት ቀን ግን ከእኔ በፊት በነበሩት ተጫዋቾች ጣት የተበላውን የቀዳዳ ጠርዝ ደጋግሜ ስዳስስ ቆይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዋሽንት ተጫዋቾችስ ይህ አይገጥማቸውም?

መልስ፦ ዋሽንት ነፊ ቁመታቸው የተለያየ በርከት ያሉ ዋሽንቶች ይዞ ስለሚሄድ ቅኝቱ ሲለወጥ መሣሪያውን ይለውጣል። በጥንታዊ ፍሉት ይህን ማድረግ አቅም አይፈቅድም።

ጥያቄ፦ የፍሉቴ ራስ ተሰንጥቋል፤ ከመሸጤ በፊት ላስጠግነው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። በብዙዎቹ አሮጌ ፍሉቶች የፍሉቱ ራስ ውስጡ የብረት ቱቦ አለው፤ እንጨቱ በደረቅ አየር ሲኮማተር ብረቱ አብሮ ስለማይኮማተር፣ እንጨቱ በጭረቱ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። የአዳማ በጋ ለዚህ የተመቸ ነው። በሙጫ የተደፈነ ስንጥቅ አዋቂ ገዢን ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ ስንጥቁን በቀን ብርሃን በቅርበት ፎቶ አንሥተው እንዳለ ያሳዩ። ጥቁረቱንና የሠሪውን ማኅተም በአሸዋ ወረቀት የሚፈገፍጉ ሰዎችን አይቻለሁ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ጥያቄ፦ የምገዛውን እንዴት ልፈትሸው?

መልስ፦ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ይያዙ፤ አንዱን ጫፍ በመዳፍ፣ ቀዳዳዎቹን በጣት ደፍነው በሌላው ጫፍ አየሩን ይሳቡ። ከንፈርዎ ላይ ተጣብቆ ከቆየ ደህና ነው፤ ወዲያው ከለቀቀ ከቁልፎቹ ሥር ወይም ከስንጥቅ አየር ያስወጣል።

ጥያቄ፦ ገዢዬ ውጭ አገር ነው፤ መላክ እችላለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ እንጨቱን ይለዩ። ለእንጨት ፍሉት የሚውለውና በእኛም ቆላ የሚበቅለው ጥቁር እንጨት፣ ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከመላው የዳልበርጂያ ወገን ጋር በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ቁጥጥር ሥር የገባ ቢሆንም፣ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከ2019 ማብቂያ ጀምሮ ከዚህ ነጻ ሆነዋል። የዝሆን ጥርስ ቀለበት ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ነውና ያለ ፈቃድ አይሞክሩት። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣትን ስለሚከለክል፣ ዕድሜ ጠገብ ዕቃን አስቀድሞ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳየት ኤርፖርት ላይ ከመጉላላት ያድናል።

ጥያቄ፦ አዲሱን በምን ዘይት ይቀቡታል?

መልስ፦ ውስጡን በጥቂት የአልመንድ ዘይት። የኑግ ዘይት ሲቆይ እየደረቀ ስለሚያጣብቅ አልጠቀምበትም።