ማዕድኑ «ተቀየረ»፣ «ተለወጠ» ወይስ «ተተካ»?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። በደቡብ ኢትዮጵያ ስላለው ስለ ጨው ባሕር የጥንት ሐይቅ ደለል በጻፍኩት ወረቀት ላይ «በድርቅ ዘመን የደለሉ ማዕድን ተቀየረ» ብዬ ነበር። አማካሪዬ «ተቀየረ»ን ሰርዞ «ተለወጠ» አደረገው። አቦ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ በአፍ ስንነጋገር አንድ ናቸው። «ጠባዩ ተቀየረ» ብትል «ተለወጠ» ብትል የሚከራከርህ የለም። ለወረቀትህ ግን የአማካሪህ ምርጫ ይሻላል። «ቀየረ» አንዱን ትቶ ሌላውን መያዝ ይሆናል። ከድሬ ተነስቶ ሐረማያ ላይ መኪና የቀየረ ሰው መኪናውን ምንም አላደረገውም፤ ወርዶ ሌላ ተሳፈረ።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ዓረፍተ ነገርህ ከምን ወደ ምን እንደሆነ አይናገርም። ደለል ሐይቁ ወለል ላይ ካረፈ በኋላ፣ ገና ድንጋይ ሳይሆን፣ ማዕድኑ ላይ የሚደርሰው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም።

ስሜክታይት የሚባለውን ሸክላ እንውሰድ። በጣም ስስ ከሆኑ ንጣፎች የተሠራ ነው። ሐይቁ እየተነነ ውሃው ጨዋማ ሲሆን ፖታሲየም በንጣፎቹ መካከል ይገባና አጥብቆ ይይዛቸዋል። ሸክላው ቀስ በቀስ ኢላይት የሚባል ሌላ ሸክላ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ጥልቅ መሬት ውስጥ፣ በሙቀት ነው፤ ጨው ባሕር ላይ ግን ያለዚያ ሙቀት ሆኗል። እዚያ ወደ 280 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ የወጣው ደለል ወደ 620 ሺህ ዓመት ይሸፍናል። ፖታሲየሙ የበዛበት ንብርብር ደረቅ ዘመንን ይጠቁማል። ንጣፎቹ በአብዛኛው እንዳሉ ስለሆኑ እዚህ «ወደ ኢላይት ተለወጠ» በል። «ወደ» ወሳኝ ናት፤ አትጣላት።

የእሳተ ገሞራ አመድ ሌላ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ብርጭቆ፣ ማለትም ቀልጦ በፍጥነት የቀዘቀዘው ድንጋይ፣ በጨዋማው ውሃ ይሟሟል። ከዚያው ውሃ ዚዮላይት የሚባል ማዕድን አዲስ ክሪስታል ሆኖ ይወጣና ቦታውን ይይዛል። የፊተኛው ሄዷል። ስለዚህ «ብርጭቆው በዚዮላይት ተተካ» ነው የሚባለው፤ «ወደ» ቀርታ «በ» ትመጣለች።

እንግዲህ አንተ ያልከው ስለ ሸክላው ከሆነ እንዲህ ጻፈው፦ «በድርቅ ዘመን የሐይቁ ውሃ ጨዋማ እየሆነ ሲሄድ፣ በደለሉ ውስጥ ያለው ስሜክታይት ወደ ኢላይት ተለወጠ።» ከምን እንደመጣ እርግጠኛ ላልሆንክበት ማዕድን «ተለወጠ»ም «ተተካ»ም አትበል። ማዕድኑ ለምሳሌ አናልሲም የሚባለው ከሆነ «በደለሉ ውስጥ አናልሲም ተፈጠረ» ይበቃል።