በፊሸር ቼዝ ካስሊንግ እንዴት ይደረጋል?

«ንጉሡና ሩኩ በተለመደው ቦታቸው ካልቆሙ ካስሊንግ እንዴት ይደረጋል?» ብለው ከደብረ ማርቆስ ለጠየቁት ወንድማችን፦ ካስሊንግ ንጉሡና ሩኩ (ግንቡ) በአንድ ተራ አብረው የሚንቀሳቀሱበት የቼዝ እርምጃ ነው፤ ማስታወስ የሚገባዎት መነሻውን ሳይሆን መድረሻውን ነው። የቀድሞው የዓለም ቼዝ ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር በ1996 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀውና የኋላ ረድፍ ጠጠሮች መነሻ ቦታ በዕጣ በሚወሰንበት በዚህ ጨዋታ፣ ከ960ዎቹ አሰላለፎች በየትኛውም ቢጀመር፣ የነጩ ንጉሥ በቀኝ በኩል ጂ1 በተባለው ካሬ ላይ ሲያርፍ ሩኩ ኤፍ1 ላይ፣ በግራ በኩል ደግሞ ንጉሡ ሲ1 ላይ ሲያርፍ ሩኩ ዲ1 ላይ ይቆማል። ሁለቱም ከዚያ በፊት ያልተንቀሳቀሱ፣ ንጉሡም በቼክ (በቀጥታ ጥቃት) ያልተያዘ፣ የሚያልፍበትና የሚያርፍበት ካሬም በጠላት ያልተጠቃ መሆን አለበት።

እዚህ ባሕር ዳር አብረን የምንጫወተውን ሰዎች አብዝቶ የሚያሳስተን የባዶ ካሬዎች ጉዳይ ነው። ንጉሡ ቢ1፣ ሩኩ ኤ1 ላይ ቢሆኑ፣ ንጉሡ አንድ እርምጃ ብቻ ቢራመድም፣ ሩኩ የሚያርፍበት ዲ1 ጭምር ባዶ ካልሆነ አይቻልም። ንጉሡ ኤፍ1፣ ሩኩ ጂ1 ላይ ከሆኑ ግን ቦታ ይለዋወጣሉ።