ስለ አውስትራሊያ በረሃ ጥንታዊ ነዋሪዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አቦርጂኖች (የአውስትራሊያ ጥንተ ነዋሪዎች) ወደ መካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ የገቡት ከባሕር ዳርቻ ተገፍተው፣ ዘግይተው ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እርግጥ ይህ አስተሳሰብ በአንድ ወቅት በምሁራንም ዘንድ ተቀባይነት ነበረው። ይሁን እንጂ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ማይክ ስሚዝ በ1980ዎቹ ፑሪትጃራ በተባለው የዓለት መጠለያ ያካሄደው ቁፋሮና ተከታይ ጥናቶቹ፣ ሰው በበረሃው እምብርት ከ30,000 ዓመት በፊት እንደነበረ አረጋግጠዋል። በምዕራቡ በረሃ፣ ማርቱ በተባሉት አቦርጂኖች ምድር የሚገኘው ካርናቱኩል የተባለ የዓለት መጠለያ ደግሞ ዘመኑን ወደ 50,000 ዓመት ገደማ አርቆታል።

ጥያቄ፦ ዕድሜው በምን ይለካል?

መልስ፦ ከሰል ከተገኘ በካርቦን 14፣ ማለትም በጊዜ ብዛት እየቀነሰ በሚሄድ የካርቦን ዓይነት ነው። የዚህ ዘዴ አቅም ከ50,000 ዓመት ብዙም ስለማያልፍ፣ የአሸዋ ቅንጣት ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ያገኘበትን ዘመን የሚለካ ሌላ ዘዴ ይታከልበታል።

ጥያቄ፦ ከ20,000 ዓመት በፊት ገደማ የነበረውን የከፋ ብርድና ድርቅ እንዴት ተቋቋሙት?

መልስ፦ ብዙ ቦታዎችን ለቀው፣ ውኃ ወደማይነጥፍባቸው ተራሮችና ገደሎች ተሰበሰቡ። ፑሪትጃራ የማይደርቅ የዓለት ጉድጓድ በቅርቡ ስላለው ያን ዘመን ሰው ሳይጠፋበት አልፏል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን እዚያ የተገኘው ቀይ የቀለም አፈር ነው፤ የአፈሩ ማዕድናት ሲመረመሩ፣ ከጥንታዊዎቹ ንብርብሮች የወጣው ብዙው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ዋልፒሪ በተባሉት አቦርጂኖች ምድር ካለው የካርኩ ማዕድን ማውጫ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ለምግብም ለመጠጥም የማይሆን አፈር ያን ያህል መንገድ መጓዙ፣ ሰዎቹ ዕለት ዕለት ከመኖር ያለፈ ሥርዓትና ሰፊ ግንኙነት እንደነበራቸው ያመለክታል። በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ በሚገኘው በሙንጎ ሐይቅ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት በተቀበረ ሰው አስከሬን ላይም ቀይ አፈር ተነስንሶ ነበር።

ጥያቄ፦ እህል ያርሱ ነበር?

መልስ፦ አያርሱም ነበር፤ የዱር ሣር ዘር እየሰበሰቡ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ ነበር።

ጥያቄ፦ አውሮፓውያን ሲመጡ፣ አቦርጂኖች በበረሃው ውኃ የት እንደሚገኝ የነበራቸውን ዕውቀት ተረድተውት ነበር?

መልስ፦ ዋጋውን ተረድተዋል፤ ባለቤቶቹን ግን አላከበሩም። እ.ኤ.አ. በ1906 ቀያሹ አልፍሬድ ካኒንግ ለከብት መንጃ የሚሆን መስመር ሲቀይስ፣ አቦርጂኖችን በአንገታቸው በሰንሰለት አስሮ ውኃ እንዲያሳዩት አስገድዷል። ጉዳዩ በ1908 ለንጉሣዊ መርማሪ ኮሚሽን ቢቀርብም ካኒንግ ነጻ ተባለና፣ ጉድጓዶቹን ሊያስቆፍር በዚያው ዓመት ወደ በረሃው ተመለሰ።