የጉድጓድ ክዳንና የሮቶ ማማን በአትክልት መሸፈን፦ ጥያቄና መልስ

ግቢያችሁ ውስጥ ዓይን የሚረብሹ ነገሮችን በቋሚ ተክል ስለ መሸፈን የጠየቃችሁኝን ከዚህ በታች መልሻለሁ። መልሴ አዲስ አበባን ለመሰለ ደጋማ አየር ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የሽንት ቤት ጉድጓዳችን ከሳሎን በር ፊት ለፊት ነው። እንግዳ ሲመጣ ክዳኑ ያሳቅቀኛል። አፈር አልብሼ አበባ ልትከልበት?

መልስ፦ እባክሽ አፈሩን ተይው። ጉድጓዱ ሲሞላ የመምጠጫው መኪና ቱቦ የሚገባው በዚያው ክዳን ነው። እኛ ቤት አንድ ክረምት ሣር አልብሰነው፣ የሞላ ዕለት ቦታው ጠፍቶን ግማሽ ቀን ስንቆፍር ዋልን። ክዳኑ ካልተሰነጠቀ፣ አንድ ሰው የሚያነሳቸው ሁለት ቀላል ማሰሮዎች አስቀምጪና ጀራኒየም ትከዪባቸው። ዙሪያውን፣ ከክዳኑ ሁለት ክንድ ርቀሽ፣ ጠጅ ሳር አድርጊ። መግዛት አያስፈልግም፤ ከጎረቤት አንድ ቁጥቋጦ ነቅለሽ በእጅሽ ሰንጥቂው። እያንዳንዱ ግንድ ትንሽ ሥር ይዞ ይውጣ፤ ቅጠሉን ስንዝር አስቀርተሽ ቁረጪው። ስትሰነጥቂው ሽታው ብቻ ደስ ያሰኛል! ከፊቱ የጥብስ ቅጠል ደርድሪ። ለድስት የምትቀጥፊውን ግን ከጉድጓዱ ራቅ አድርገሽ ለብቻው ትከዪ።

ጥያቄ፦ ቶሎ እንዲሸፍንልኝ ባሕር ዛፍስ?

መልስ፦ በፍጹም። ሥሩ ውሃ ፍለጋ የጉድጓዱን ግንብና ቱቦውን ሰንጥቆ ይገባል።

ጥያቄ፦ የእኛ ችግር ሮቶው ነው። ከነብረት ማማው ከመንገድ ይታያል።

መልስ፦ ለማማው ፓሽን ፍሩት እወዳለሁ። በሽቦ ላይ ቶሎ ይወጣል፣ ፍሬም ይሰጣል። ሽቦውን ከብረቱ ጋር እሰሩት እንጂ ቧንቧው ላይ አታስሩት። ከሥሩ ሁለት እንሰት ብትተክሉ ሰፋፊ ቅጠላቸው እግሮቹን ይደብቃል። መሰላሉ ያለበትን ጎን ክፍት ተዉት፤ ሮቶው መታጠብ አለበት። ቡገንቪላ ያምራል፣ ግን ለማጠብ የሚወጣውን ሰው እሾሁ ይወጋዋል፤ ለአጥሩ ይሁን።

ጥያቄ፦ መቼ ልትከል?

መልስ፦ የተክሉን ጉድጓድ ግንቦት ላይ ቆፍረህ ፍግ አብላላበት፣ ዝናቡ ሲጠነክር ሰኔ ላይ ትከል። መስከረም እስኪጠባ ሥር ይይዛል። የጥብስ ቅጠል ብቻ ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይወድም፤ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ባለ መደብ ላይ አድርገው።

ጥያቄ፦ ቤቱ የኪራይ ነው።

መልስ፦ ሁሉንም በተቆረጠ ጀሪካን ትከዪ። ከሥር አራት ቀዳዳ አይረሳ። ስትለቂ ይዘሽው ትሄጃለሽ።