ወደ ላይ ወይስ ወደ ጎን? ስለ ቤት ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ ስራዬ ባህር ዳርና ደብረ ማርቆስ ነው። ሰሞኑን የቤት ማህበር ሁሉ ፎቅ እንስራ ወይስ ለየብቻ እያለ ሲነታረክ ስለምሰማ ዛሬ ማታ የምችለውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ባህር ዳር ነን፣ 24 አባል አለን። ግማሹ ጂ ፕላስ 9 ይላል። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ እኔ ብሆን ጂ ፕላስ 4 (ምድሩና ከላዩ 4 ፎቅ) ላይ አቆም ነበር። እስከዛ ሰው በእግሩ ይወጣል፣ አብዛኛው ኮንዶሚኒየም እዛ ላይ የቆመውም ለዚሁ ነው። 9 ስትሉ ሊፍት ግድ ነው፣ ሊፍት ካለ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተር ካለ ደግሞ የናፍጣውን ማን ይክፈል የሚል ስብሰባ አይቀርላችሁም። ውሃውም 10 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር 1 ባር ገደማ ግፊት ያጣል፣ ስለዚህ የመስመር ውሃ ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ይደክማል፣ ከታች ታንከር ከነፓምፑ ያስፈልጋል። አንድ ህንፃ አውቃለሁ ፓምፑ ተቃጠለና መዋጮ ተጠየቀ፣ የምድር ቤቱ ሰውዬ "እኔ ጋ ውሃ አለ" ብሎ አልከፍልም አለ፣ አራተኛ ፎቅ ያለችው አራስ በጀሪካን ስታስቀዳ ከረመች። በጋራ ህንፃ አዋጅ 370/1995 ግን የጋራ ወጪ የሁሉም ባለቤት ነው፣ መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ከአሁኑ በግልፅ ፃፉት።

ጥያቄ፦ መሬት ግን ይቆጥባል አይደል?

መልስ፦ እንደሚወራው አይደለም። 1000 ካሬ ላይ ግማሹን ይዞ ጂ ፕላስ 4 ቢሰራ 2500 ካሬ ወለል ይወጣዋል። ጂ ፕላስ 9 ሆኖ ለብርሃን፣ ለፓርኪንግና ለእሳት አደጋ መኪና ቦታ ለቆ ሩቡን ብቻ ከያዘ ያው 2500 ነው። ፓሪስን እዩ፣ አብዛኛው ቤት 6 እና 7 ፎቅ ነው፣ ግን በካሬ ኪሎሜትር 20,000 ሰው ገደማ ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ እናቴ ፎቅ አልኖርም አሉ፣ እንጀራ የት ልጋግር፣ ለቅሶ ቢደርስ ድንኳኑ የት ሊተከል ነው ብለው።

መልስ፦ እታለም፣ እናትሽ ልክ ናቸው! በኮንዶሚኒየሞቹ ለእርድና ለእንጀራ ተብሎ የጋራ ቤት ይሰራ ነበር፣ ዲዛይናችሁ ላይ እሱ መኖሩን አይተሽ ፈርሚ፣ የድንኳን ቦታውንም በፓርኪንግ እንዳትሸጡት። ኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ ቅዳሜ ጠዋት 24 ቤት እኩል ቢጥድ 84 ኪሎዋት ነው፣ ትራንስፎርመሩን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ማርቆስ ነኝ፣ ቦታዬ ጥቁር አፈር ነው። ጂ ፕላስ 0 ስለሆነ መሰረቱ ቀለል ቢልስ?

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! ዋልካ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ከባድ ህንፃ በክብደቱ ትንሽ ይጫነዋል፣ ቀላል ቤትን ግን ከፍ ዝቅ እያደረገ ግድግዳውን ይተረትረዋል፣ በር አልዘጋ ሲል የምታየው ለዛ ነው። አፈሩን አስመርምር፣ ዋልካውን አስወጥተህ በገረጋንቲ እየጠቀጠቅክ ሙላ፣ የጣሪያ ውሃ ከግድግዳው ስር እንዳይገባ። ባህር ዛፍም አጠገቡ እንዳትተክል፣ እርጥበቱን መጥጦ አፈሩን ያኮማትረዋል (ጎጃሜን ባህር ዛፍ አትትከል ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ)።

ጥያቄ፦ የመሬት መንቀጥቀጥስ?

መልስ፦ 2017 ላይ የአዋሽ ፈንታሌው አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው አስደንግጦ ነበር። እኛ ከስምጥ ሸለቆው ራቅ ብንልም ስታፋ (የምሰሶውን ብረት ዙሪያውን የሚያስረውን ቀለበት) ማሳሳት አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ አሁን ጂ ፕላስ 0 ሰርቼ ብር ሳገኝ ፎቅ ልጨምርበት?

መልስ፦ መሰረቱና ኮለኑ ከጅምሩ ለፎቅ ታስቦ ከተሰራ ይቻላል፣ ፕላኑም በዛው ይፀድቅ። ካልሆነ አይቻልም። ጣሪያ ላይ ፌሮ አስቁሞ መተው ብቻውን ፎቅ አያሸክምም፣ ፌሮውንም ቢያንስ ስስ ኮንክሪት አልብሰው፣ ዝገት ከበላው ኋላ ስትቀጥልበት ዋጋ የለውም።