ፕሮዳክት ማናጀር ነኝ፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

አንድ ሶፍትዌር ምን እንዲሠራ፣ የቱ ሥራ እንዲቀድም የምወስን ሰው ነኝ ማለት ነው፤ ሥራው ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። ጥያቄዎቻችሁን በመጡበት ቅደም ተከተል ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነው የምትውሉት ይባላል። እውነት ነው?

ሐሜቱ መሠረት አለው። ጠዋት መጀመሪያ የደንበኞችን ቅሬታ አነባለሁ፤ ከዚያ ትናንት የለቀቅነውን ነገር ስንት ሰው እንደተጠቀመበት አያለሁ። ቀጥሎ ከኢንጂነሮቹ ጋር 15 ደቂቃ ስታንድአፕ፣ ማለትም አጭር የዕለት ስብሰባ። የቀረው ሰዓት «ክፍያው መሃል ላይ ኔትወርክ ቢቋረጥ ምን ይምጣ?» ዓይነት ጥያቄ ሲመለስ ያልቃል። እኔ ካልወሰንኩ ፕሮግራመሩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ደንበኛ የጠየቀውን ማሠራት አይደል እንዴ?

እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ደንበኞች «ሪፖርቱን በኤክሴል ማውረድ እንፈልጋለን» እያሉ ወጥረው ያዙን። ሥራው ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። ከመጀመራችን በፊት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስትሠራ አየሁ። ከዚያ ሁሉ ሪፖርት የምትፈልገው የሳምንቱን ድምር ብቻ ነው፤ እሱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ገልብጣ ለአለቃዋ ኢሜይል ትጽፋለች። ድምሩ ዓርብ ዓርብ በራሱ እንዲላክ አደረግን፤ ሁለት ቀን ፈጀ። የኤክሴሉን ነገር ከዚያ በኋላ ያነሳብን ጥቂት ሰው ነው።

ጥያቄ፦ አለቃ ነህ ማለት ነው?

ኧረ የለም! የኢንጂነሮቹን ደመወዝም ዕድገትም የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። እኔ ያለኝ ማስረጃና ምላስ ነው። የሙያው ሥር እ.ኤ.አ. በ1931 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በተባለው የአሜሪካ ሳሙና አምራች ኩባንያ ውስጥ ኒል ማክኤልሮይ ከጻፈው ማስታወሻ ይመዘዛል። ካሜይ የተባለውን ሳሙና ሲያስተዋውቅ፣ ለአንድ ምርት ከሽያጩ እስከ ማስታወቂያው የሚጨነቅ ሰው ይመደብ ብሎ ጠየቀ። ጭንቀቱ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ ሥልጣኑ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ኮድ ማወቅ ግዴታ ነው?

አይደለም። ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ) ግን ተማር፤ ቁጥር ባስፈለገህ ቁጥር ሰው መለመን ያሰለቻል።

ጥያቄ፦ በጣም የሚከብድህስ?

የሽያጭ ኃላፊው ለደንበኛ ቃል ገብቶ ሲመጣ «አይሆንም» ማለት። የሩብ ዓመቱን የሥራ ዝርዝር ፊቱ ዘርግቼ «የቱ ይውጣ?» እለዋለሁ። አንዳንዴ ራሱ መርጦ ያወጣል። አንዳንዴ ዝርዝሩን ሳያይ ቀጥ ብሎ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይገባል፤ ያን ቀን እኔ ተሸንፌ ዝርዝሩን እንደገና እጽፋለሁ።