አጎቴን በወረቀት የረታሁበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ቡና እየጠጣሁ አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣና ስልኩን ደቀነብኝ። "ጋሼ፣ ይሄን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" አለ።

የዲሲ-3 ሞዴል፣ የድሮውን አውሮፕላን ማለቴ ነው፣ እየሠራ ነው፤ በ1/72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ። ያሳየኝ ለብቻው የሚሸጥ ማሟያ ነው፤ የሬዚን (ፈሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ ነው) ኮክፒት፣ ማለትም የፓይለቱ ክፍል፣ የናስ ዳሽቦርድ፣ የወንበር ቀበቶ። ዋጋው ከኪቱ፣ ከሚገጣጠመው ከራሱ ከሞዴሉ፣ ይበልጣል። "ቆይ እስቲ ላስብበት" ብዬ ሸኘሁት። ነገሩ ግን የገንዘብ አልነበረም። አጎቴ ትዝ አለኝ።

1990 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያኔ አውሮፕላን ጥገና ላይ ነበርኩ፤ ሥራዬ ቆርቆሮ ነው፣ ክንፍና አካል። ማታ ማታ ፒያሳ ከኋላ ባለችው ቤቴ ሞዴል እሠራለሁ። አንድ ባልደረባዬ ከአውሮፓ ሲመለስ ኤድዋርድ የሚባለው የቼኮች ድርጅት የሚሠራውን ናስ ለሲ-47 አመጣልኝ። ሲ-47 ማለት ያው ዲሲ-3 ነው፣ የወታደሩ። በ1938 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ የእኛ አየር መንገድ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የበረረው በእሱ ነው።

ናሱን ሳየው ደነገጥኩ። ከወረቀት እምብዛም አይወፍርም። ሥዕሉን በብርሃን ያትሙበትና የማይፈለገውን አሲድ ይበላዋል። የቀበቶው ዘለበት እንኳ ቀዳዳ አለው! ዕድሜ ልኬን ቆርቆሮ ስቆርጥ ኖሬ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ እሁድ እሁድ ከጊዮርጊስ ሲመለስ ይመጣ ነበር። በወጣትነቱ በእነዚያ አውሮፕላኖች ላይ ሜካኒክ ነበር። ሻዩን ይዞ አጠገቤ ይቀመጣል። ስለ አውሮፕላኑ ሲያወራ እጁ ይንቀሳቀሳል፣ የሌለ ብሎን ያጠብቃል። ጭራው መሬት ስለሚነካ ተሳፋሪው ወደ ወንበሩ ሽቅብ እንደሚወጣ፣ የቡና ጆንያ ሲጫን ውስጡ እንዴት እንደሚሸት፣ የፓይለቱ እግር የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ አልቆ ብረቱ እንደሚያበራ፣ ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው።

አንድ እሁድ ኮክፒቱን አረንጓዴ ስቀባ አየኝ። "አረንጓዴ አልነበረም" አለ። "ግራጫ ነው። እኔ ራሴ በብሩሽ ቀብቼዋለሁ።" ቀጥሎ ቀበቶውን በወረንጦ ሳነሳ "ይሄ በትከሻ የሚያልፈው ምንድን ነው? የእኛዎቹ የወገብ ብቻ ናቸው" አለኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? መመሪያውን አውጥቼ ዘረጋሁለት። የቀለሙን ቁጥር በጣቴ አሳየሁት። "ይኸው፣ ተጽፏል" አልኩት። መነጽሩን አጠለቀ። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። "እንግዲህ ወረቀቱ ካለ..." አለና ሻዩን ጨለጠ።

ከዚያ በኋላም እሁድ አልቀረም። ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን፣ ስለ ጉልበቱ አወራን። ስለ አውሮፕላኑ ግን አንድም ቃል አልወጣውም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ሞዴሉን ለመጨረስ ቸኩዬ ነበር።

ወረቀቱ አልዋሸም። የጦርነት ጊዜ የአሜሪካ አውሮፕላን ነበር የሚያሳየው። የእኛዎቹ ስንት ዓመት የሠሩ፣ ስንቴ ተፈትተው የተገጠሙ ናቸው። ይህ የገባኝ ዘግይቶ፣ አንድ ጡረተኛ የድሮ ፎቶ ሲያሳየኝ ነው። ፓይለቱ ተቀምጧል፤ ቀበቶው ወገቡ ላይ ብቻ ነው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙን አይናገርም። አጎቴ ደግሞ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም።

የዛሬ ልጆች ሰው ፊታችሁ ተቀምጦ ስልክ ትጠይቃላችሁ። በዚህ እናደዳለሁ። በእርግጥ እኔ ስልክ ሳይኖር ያንኑ አድርጌዋለሁ።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። በ1/72 የዲሲ-3 ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። አካሉን ከዘጋኸው በኋላ ኮክፒቱን ለማየት ባትሪ ማብራት አለብህ። ስለዚህ ሬዚኑን አትግዛ። ከገዛህም ሳታጣብቅ ደጋግመህ ለካው፤ ሬዚን ሲደርቅ ስለሚኮማተር ልክ ላይመጣ ይችላል። የኪቱን ግድግዳ ከውስጥ ማሳሳትም አይቀርም። እኔ አንዱን እስኪበሳ ድረስ ፈግፍጌዋለሁ። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሬዚንም ናስም አይዝም፣ ሱፐር ግሉ ነው የሚይዘው። ስትፈገፍግ ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ አስነካው፣ ማስክም አድርግ። ብናኙ ለሳንባ አይሆንም።

ናሱ አልታጠፍ ካለህ እሳት አሳየውና አቀዝቅዘው፣ ይለሰልሳል። ይህን ያስተማረኝ የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነው። የአሻንጉሊት ቀበቶ ይዤ ስሄድ መጀመሪያ ሳቀብኝ። ከዚያ ማጉያውን አደረገና "ይሄን የሠራው ሰው ዓይኑ ደህና ነው?" አለኝ። "የገዛ ልጄን ቀለበት የሠራሁት በእነዚህ እጆቼ ነው" ብሎ ሁለቱን መዳፎቹን አሳየኝ። ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁም ሄደ። የት እንደገባ እስካሁን አልሰማሁም።

ሞዴሉ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ አረንጓዴ ኮክፒት፣ የትከሻ ቀበቶ። ስንቴ ልቀይረው አስቤ ትቼዋለሁ።

ለልጁ ትናንት ደወልኩለት። ናሱን ብቻ እንግዛ፣ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ አልኩት። "ጋሼ፣ አትግዛ ሊሉኝ መስሎኝ" ብሎ ሳቀ። የትከሻውን ማሰሪያ በምላጭ ቆርጠን የወገቡን እናስቀራለን። ሐሙስ ኪቱን ይዞ ይመጣል። ግራጫውን ቀለም እኔ አለኝ።